በጄል ውስጥ የሚወጡ የዝቃጭ ቀለበቶችን መቆጣጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ሙከራውን ጀምረው ግራ ከተጋቡ ተማሪዎች፣ ከመምህራንና «ይቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ከሚሉ ሰዎች የሚነሱ ናቸው። ያለ ቅደም ተከተል ብታነቧቸው ችግር የለም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊዘጋንግ ቀለበት የሚባለው ምንድን ነው?

ሁለት ጨዎች አሉ እንበል። ለየብቻቸው ውሃ ውስጥ ጥርት ብለው ይሟሟሉ። ሲገናኙ ግን የማይሟሟ ነገር ይፈጥራሉ። ዝቃጭ የምንለው እሱን ነው። ብርጭቆ ውስጥ ብትደባልቋቸው ወዲያው ይደፈርሳል፣ ቀስ ብሎ ከታች ይተኛል፣ በቃ።

አሁን ደግሞ አንዱን ጨው ጄል ውስጥ፣ ማለትም እንደ ጄላቲን ረግቶ የሚለሰልስ ነገር ውስጥ፣ አሟሙትና እንዲረጋ አድርጉት። ሌላውን ጠንከር አድርጋችሁ ከላይ አፍሱበት። የላይኛው ወደ ጄሉ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ዝቃጩ ሙሉውን ቱቦ ያነጣዋል ብላችሁ ስትጠብቁ እሱ መስመር ይሠራል። መስመር፣ ባዶ ቦታ፣ መስመር፣ ባዶ ቦታ። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከሆነ ደግሞ እንደ ኩሬ ሞገድ ክብ ክብ ይሆናል። ማንም አልሣለውም። ራሱ ነው የሠራው።

ስሙ ከየት መጣ?

ከራፋኤል ኤድዋርድ ሊዘጋንግ። ጀርመናዊ ነው፤ ቤተሰቡ በፎቶግራፍ ዕቃዎች ሥራ ላይ የነበረ ነው። ስለዚህ ጄላቲንና የብር ጨው ለእሱ የቤት ዕቃ ነበሩ። በ1896 ፖታሲየም ዳይክሮሜት ያለበት ጄላቲን በቀባው መስታወት ላይ አንድ ጠብታ የብር ናይትሬት አሳረፈ። በጠብታዋ ዙሪያ ቀለበቶች ወጡ። ተመሳሳይ ነገር ከእሱ በፊትም ታይቷል። ሩንገ የተባለው ሌላ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1850ዎቹ መምጠጫ ወረቀት ላይ ኬሚካሎች የሚሠሯቸውን ሥዕሎች አሳትሟል። ስሙ ግን ለሊዘጋንግ ቀረ።

ታዲያ ለምን ወጥ ሆኖ አይዘቅጥም?

ለዚህ ከሚኒባስ ታክሲ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ታክሲው ሳይሞላ አይነሳም፤ ረዳቱም ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ ይጮሃል። ሞልቶ ሲነሳ ግን ፌርማታው ላይ የነበረውን ሰው ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ፌርማታው ጭር ይላል። ቀጣዩ ታክሲ እዚያው ቢቆም የሚጭነው የለም፤ ሰው ወዳለበት ወደፊት መሄድ አለበት።

አዮኖቹም፣ ማለትም ጨዎቹ ሲሟሙ የሚለያዩባቸው የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች፣ እንደዚሁ ናቸው። ሁለቱ ዓይነት አዮኖች ስለተገናኙ ብቻ ወዲያው ዝቃጭ አይሆኑም። ጄሉ ውስጥ ከሚሟሟው ልክ በላይ እስኪከማቹ ይታገሳሉ። ልኩ ሲታለፍ ጥቃቅን ፍሬዎች ይፈጠራሉ። ፍሬዎቹ ሲያድጉ በዙሪያቸው ያለውን አዮን ይስባሉ፣ አካባቢው ይራቆታል። ከላይ የፈሰሰው ጨው የተራቆተውን ቦታ አልፎ ካልተነካው ጋር እስኪገናኝ ድረስ አዲስ መስመር አይወጣም። ባዶ ቦታው የሚፈጠረው በዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ በ1897 ያቀረበው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው፤ በኋላ በ1909 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው። ክርክሩ ግን እዚያ አልቆመም። ሌሎች ዋናው ነገር ፍሬዎቹ ከተፈጠሩ በኋላ ነው ይላሉ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየበሉ ሲያድጉ መስመሩ ይለያል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ነገሩን እንደ ዘይትና ውሃ መለያየት የሚያይ ሞዴል መጣ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁሉንም የሚገዛ አንድ ማብራሪያ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። አንዱ ጨው ላይ የሠራው ሌላው ላይ አይሠራም።

መስመሮቹ ወደ ታች እየራቁ የሚሄዱት ተሳስቼ ነው?

አይ፣ ልክ ነው። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ፖላንዳዊው ኬሚስት ያብልቺንስኪ በ1923 እንዳሳየው የአንዱን መስመር ርቀት ከእሱ በፊት ለወጣው መስመር ርቀት ብታካፍሉ ውጤቱ በግምት አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ርቀቱ የሚለካው ከጄሉ አፍ ነው።

ለምሳሌ የመጀመሪያው መስመር 10 ሚሊሜትር ላይ ቢወጣና ቁጥሩ 1.1 ቢሆን፣ ተከታዮቹ 11፣ ከዚያ 12.1፣ ከዚያ 13.3 አካባቢ ይወጣሉ። ቁጥሩ 1.2 ቢሆን 12፣ 14.4፣ 17.3 ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙት። ቀለበት መቆጣጠር ማለት በአብዛኛው ይህን ቁጥር ማሳነስ ወይም ማሳደግ ነው።

ፍጥነቱም ሥርዓት አለው። በ1903 ሞርስና ፒርስ እንደለኩት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። 10 ሚሊሜትር በ4 ሰዓት ከደረሰ፣ 20 ሚሊሜትር በ16 ሰዓት፣ 40 ሚሊሜትር በ64 ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ «ትናንት ይሮጥ ነበር፣ ዛሬ ቆመ» አትበሉ። አልቆመም፤ እየዘገየ ነው።

በተቃራኒው፣ ወደፊት እየተጠጋጉ የሚሄዱ መስመሮች የሚሠሩ ጥቂት ጨዎችም አሉ። የሚከተለው ስለተለመዱት ነው።

እሺ፣ ምኑን ብነካ ነው ሥዕሉ የሚለወጠው?

ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ቀለበቱን ራሱን መቆጣጠር ይፈልጋል። ቀለበቱ ግን ውጤት ነው። በእጃችሁ ያለው ሁለቱ አዮኖች የት፣ መቼ፣ በምን ያህል ብዛት እንደሚገናኙ ነው። ያንን የግንኙነት ግንባር ያዛችሁት እንደሆነ ቀለበቱ ተከትሎ ይመጣል።

መጀመሪያ የላይኛው ብጥብጥ ጥንካሬ። ከውስጠኛው በጣም የበረታ መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 እጥፍ። እኩል ከሆኑ ግንባሩ ወደ ጄሉ መግፋት ያቅተዋል። የላይኛውን ባጠነከራችሁት ቁጥር መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ከላይ ያልኩት ቁጥር ወደ 1 ይቀርባል ማለት ነው። ይህንን ማታሎንና ፓክተር በ1950ዎቹ በቀመር አስቀምጠውታል። የእነሱ ስም ያለበት ሕግ እስከ ዛሬ የሁሉም መነሻ ነው።

ቀጥሎ ጄሉ ውስጥ ያለው ጨው። እሱንም ስታበዙት መስመሮቹ በአብዛኛው ይጠጋጋሉ። ግን ልክ አለው። ሲበዛ ባዶ ቦታው ይጠፋና አንድ ወጥ ነጭ ግድግዳ ታያላችሁ። ሲያንስ ደግሞ ልኩ አይታለፍም፤ ምንም አይወጣም።

ጄሉ ራሱ ሦስተኛው ነው፤ ብዙዎች ይንቁታል። የጄሉ ሥራ ውሃው እንዳይናወጥና ዝቃጩ ወደ ታች እንዳይሰምጥ መያዝ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዝም ብሎ የሚያይ ታዛቢ አይደለም። ፍሬዎች የሚጀምሩበትን ቦታ ይሰጣል፣ መጠናቸውንም ይወስናል። ጄላቲኑን ከ5 ወደ 10 በመቶ ብታሳድጉ ሌላ ሥዕል ነው። ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ብትገዙም እንደዚያው። እኔ አንድ ጊዜ ቆንጆ ውጤት አግኝቼ፣ እሽጉ አልቆ ሌላ ብገዛ፣ በዚያው መጠን የወጣልኝ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ተከታታይ ሙከራ የሚበቃኝን ከአንድ እሽግ ነው የምይዘው።

ሙቀት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚነካው። አዮኑ የሚሰርግበትን ፍጥነት፣ የሚሟሟበትን ልክ፣ የጄሉን ጥንካሬ። ስለዚህ «ሲሞቅ እንዲህ ይሆናል» የሚል አጭር መልስ የለም። ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አታለዋውጡት። መስኮት አጠገብ፣ ቀን ፀሐይ ማታ ብርድ የሚያገኘው ቦታ ላይ የተቀመጠ ቱቦ የአየሩን ጠባይ እንጂ የኬሚስትሪውን አያሳያችሁም።

የዕቃው ቅርጽስ? በቱቦ ውስጥ ጠፍጣፋ ንብርብር፣ በሳህን ላይ ክብ ይሰጣል። በ2000ዎቹ የግዢቦቭስኪ ቡድን አሜሪካ ውስጥ ከዚህ አልፎ ሄደ። በአጋሮዝ፣ ከባሕር አረም በሚገኝ ጄል፣ ማኅተም ሠርተው የብር ናይትሬት አጠጡት፤ ከዚያ ዳይክሮሜት ባለበት ስስ ጄላቲን ላይ አተሙት። ማኅተሙ ባለ አራት ማዕዘን ከሆነ ቀለበቱ ከአራት ማዕዘን ይነሳል። የጄሉ ውፍረት በሚለወጥበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀለበቶቹ ልክ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚታጠፈው ይታጠፋሉ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

በኤሌክትሪክ መቆጣጠር ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እስካሁን ካሉት ዘዴዎችም በጣም ብልጡ ይመስለኛል። ጥንካሬውን፣ ጄሉን፣ ቅርጹን የምትመርጡት ከመጀመራችሁ በፊት ነው። ካፈሰሳችሁ በኋላ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ማየት ነው። ኤሌክትሪክ ግን ሙከራው እየሄደ እያለ መሪ ይሰጣችኋል።

አዮን የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ጅረት ሲያልፍበት ይገፋል። ወደ ጄሉ በሚገፋው አቅጣጫ ከሆነ ግንባሩ ይፈጥናል፤ ያ «ርቀቱ እጥፍ፣ ጊዜው አራት እጥፍ» የሚለው ሥርዓትም ይሰበራል። ወደ ኋላ ከሆነ ይዘገያል። በ2008 የጄኔቫና የቡዳፔስት ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ድሮዝ፣ ራትስና ላግዚ፣ ጅረቱን ቀድመው ባወጡት የጊዜ ሰሌዳ እየለዋወጡ መስመሮቹን በፈለጉት ቦታ ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳዩ። ተፈጥሮ እያራራቀች የምታስቀምጠውን እነሱ በእኩል ርቀት ማስቀመጥ ቻሉ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ሙቀቱን በቦታና በጊዜ እየለወጡ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት እንደሚቻል በሞዴል አሳይተው ነበር። ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም የሱልጣን ቡድን በኤሌክትሪክ መስክ ሥር ብዙ ሠርቷል።

«ታዲያ ባትሪ ልሰካ?» ለምትሉ፦ ከታች በሰጠሁት የማግኒዥየም ሙከራ ላይ አትድከሙ። ኤሌክትሮዶቹ፣ ከባትሪው ወደ ፈሳሹ የሚገቡት ሁለት ጫፎች፣ ራሳቸው ውሃውን እየሰነጠቁ በአንድ በኩል አሲድ፣ በሌላ በኩል አልካሊ ያመርታሉ። የእናንተ መስመር ደግሞ አልካሊ ነው የሚጠብቀው። የቱ ከአሞኒያው፣ የቱ ከኤሌክትሮዱ እንደመጣ መለየት ያቅታችኋል።

በትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ?

አለ። የማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ። ለጨጓራ በሚጠጡት ነጭ ሽሮፖች ውስጥ የምታገኙት ነጭ ነገር እሱ ነው፤ ስለዚህ ዝቃጩ ራሱ አያሰጋም። የሚያሰጋው አሞኒያው ነው።

እኔ የምነሳው በዚህ መጠን ነው። 100 ሚሊሊትር ውሃ፣ 6 ግራም ያልጣፈጠ ጄላቲን፣ 5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ፋርማሲ ኤፕሰም ሶልት የሚሉትን። ጄላቲኑን በቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ አርሱት። ከዚያ አሙቁት፤ እንዳይፈላ፣ ጄላቲን ሲፈላ ይደክማል። ጨውን ጨምራችሁ አማስሉ። ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ካላችሁ ጨምሩ። የቱቦውን ሁለት ሦስተኛ ሙሉ፣ ክደኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ።

በማግስቱ ጠንካራ አሞኒያ በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጋችሁ ጄሉ ላይ አፍሱ። አጥብቃችሁ ክደኑ። ቀዝቀዝ ያለ፣ የማይነካካ ቦታ አቁሙት። መጀመሪያ ከአፉ ጀምሮ ወጥ ነጭ ነገር ይታያል፤ ተስፋ አትቁረጡ። መስመሮቹ የሚለዩት ከዚያ በታች ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በኋላ። ፌኖልፍታሊኑ አሞኒያው የደረሰበትን ሁሉ ሮዝ ያደርጋል። ሮዙ ከመጨረሻው ነጭ መስመር ቀድሞ ሲሄድ ስታዩ፣ ከላይ ስለ ታክሲው ያልኩት ይገባችኋል፤ ተሳፋሪው ደርሷል፣ ታክሲው ግን ገና አልሞላም።

ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። አሞኒያን ከበረኪና ጋር በፍጹም አታገናኙ። መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው። የፈሰሰውን «በበረኪና ላጽዳው» የሚል ሰው አይጠፋምና አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሊዘጋንግን ዋና ሙከራ፣ ዳይክሮሜት ያለበትን ማለቴ ነው፣ ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ነው። የብር ናይትሬቱም ቆዳ ያጠቁራል።

ጄላቲን ይሻላል አጋር?

ጄላቲን ጥርት ያለ ነው፣ ርካሽ ነው፣ መስመሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ችግሩ ሙቀት አይወድም። ከ30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ላይ ችግር የለውም። ሰመራ ወይም ጋምቤላ፣ ወይም ዱባይ ውስጥ ኤሲ በሌለበት ክፍል ግን ጠዋት ያቆማችሁትን ማታ ሾርባ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እዚያ ያላችሁ አጋር ተጠቀሙ። ከባሕር አረም ስለሚሠራ የጾም ጣፋጭ የሚሠሩበትም እሱ ነው። 40 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፣ ዳግመኛ ለመቅለጥ ግን ወደ 85 ዲግሪ ይፈልጋል። ከጄላቲን ባነሰ መጠን፣ 1 በመቶ አካባቢ ይበቃዋል። አንዱ ላይ የሠራ መጠን ሌላው ላይ እንደሚሠራ ግን አትቁጠሩ።

ምንም መስመር አልወጣልኝም። ምን አጠፋሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ጄሉ በደንብ ሳይረጋ አፍስሳችኋል። እኔም መጀመሪያ ያጠፋሁት ይህንኑ ነው፤ ለብ እያለ አፍስሼበት ወተት የመሰለ ነገር ይዤ ቀረሁ። ወይም ክዳኑ ላልቶ አሞኒያው ተኗል፤ ሽታው ክፍሉን ከሞላው ቱቦው ውስጥ ምን ቀረ? ወይም ደግሞ ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ ቱቦውን እያነሳችሁ ትነቀንቃላችሁ።

እነዚህ ካልሆኑ መጠኑን ለውጡ፤ ግን አንድ በአንድ። አምስት ቱቦ አሰልፉ፣ በአምስቱም የማግኒዥየሙ መጠን ይለያይ፣ ሌላው ሁሉ አንድ ይሁን። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው ውጤት ቢያገኝም ምክንያቱን አያገኝም።

መስመር ሳይሆን ጠመዝማዛ ወጣልኝ። ተበላሸ?

አልተበላሸም፤ እንዲያውም ፎቶ አንሱት። እንደ ቡሽ መንቀያ የሚዞር አንድ ተከታታይ ሪባን አንዳንዴ ይወጣል። በ2013 የታተመ ሥራ በአጋሮዝ ውስጥ የመዳብ ክሮሜት ዝቃጭ ይዞ ይህንኑ አጥንቷል። የሚገርመው በአንድ ዓይነት ሁኔታ የተዘጋጁ ቱቦዎች አንዳንዶቹ ንብርብር፣ አንዳንዶቹ ጠመዝማዛ መስጠታቸው ነው። የቱ እንደሚወጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ግን መናገር ይቻላል። ዕድሉም በቱቦው ስፋት፣ በሙቀቱና በጥንካሬው ይለወጣል። የመቆጣጠር ወሰኑ እዚህ ጋ ነው። ግንባሩን ትመራላችሁ፣ ትንሿን ያልታሰበች ንቅናቄ ግን አትመሯትም።

እንዴት ልለካው?

የወረቀት ማስመሪያ ቱቦው ላይ ለጥፉ። ስልካችሁን አንድ ቦታ ላይ አድርጋችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ አንሱ፤ ከበስተኋላ ጥቁር ጨርቅ ይኑር። ከጄሉ አፍ እስከ እያንዳንዱ መስመር መሐል ለኩ፣ እያንዳንዱን ከበፊቱ ላለው አካፍሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ተዉአቸው፤ ብዙ ጊዜ ሥርዓት አይዙም።

ድንጋይ ላይ የማያቸው ቀለበቶችስ? የወሎ ኦፓልስ?

አሸዋማ ድንጋይ ላይ ቡናማና ቢጫ ሆነው የሚታዩት የብረት ኦክሳይድ ቀለበቶች ብዙዎቹ የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ጂኦሎጂስቶችም በሊዘጋንግ ስም ነው የሚጠሯቸው። ስለ አጌት፣ ንብርብር መስመር ስላለው የጌጥ ድንጋይ፣ ክርክር አለ። የወሎ ኦፓል ግን ሌላ ነገር ነው። የእሱ ቀለም የሚመጣው ሲሊካ በጥቃቅን ኳሶች መልክ ተደርድሮ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው፤ ዝቃጭ በየተራ ስለወጣ አይደለም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ማንም ሳይደረድራቸው መደርደራቸው ብቻ ነው።

ሰውነት ውስጥም ይገኛል። በኩላሊትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ላይ በሚወጡ ፈሳሽ የያዙ እብጠቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀለበቶች በማይክሮስኮፕ ታይተው የትል እንቁላል ወይም ትል የመሰሏቸው ሐኪሞች ነበሩ። ለዚያ ነው በሽታ መርማሪዎች ይህን የኬሚስትሪ ስም የሚያውቁት።

ሲያልቅ የት ልጣለው?

የማግኒዥየሙን ከሆነ፣ ከላይ የቀረውን አሞኒያ ውጭ ወይም መስኮት ከፍታችሁ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ድፉት፤ ጄሉን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ውስጥ። አታቆዩት፤ ጄላቲን ለሻጋታ ምግብ ነው፣ በተለይ አሞኒያው ያልደረሰበት የታችኛው ክፍል። ብር፣ መዳብ ወይም ክሮሜት ያለበት ከሆነ ግን ወደ ገንዳው እንዳትደፉት። ስም የተጻፈበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡና ለላብራቶሪው ኃላፊ ስጡ። ዕቃው ላይ ቀኑን መጻፍ እንዳትረሱ።